ሁለቷን ሜትር ማን ይቀንሳት ነበር?

የወረዳውን እርሻ ጽሕፈት ቤት መሬት ለኪ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሚስቱ ሳትቀር «ሜትሩ» ነበር የምትለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማሳ ሲለካ ኖሮ ነገር ሁሉ ልኬት ሆኖበታል። ከቤቱ እስከ ቢሮው ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ዝናብ የጣለ ቀን ኩሬዎቹን ስለሚዞር ስድስት መቶ ሰባ ይሆናል። አልጋ ሲያሠራ አናጺውን ሦስት ጊዜ አስለክቶ፣ አራተኛው ላይ አናጺው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ሊተኙበት ነው ወይስ ሊያርሱት?» ብሎታል። ይህን ቀልድ ለሰው የሚያወራው ራሱ ሜትሩ ነው።

በሥራው ግን ቀልድ የለም። የገበሬ እንቁላል ቤቱ ገብቶ አያውቅም። አንዲት ሴት አንድ ጊዜ ሰባት እንቁላል በሻሽ ቋጥራ ደጁ ላይ ትታለት ብትሄድ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ መልሶላታል። መንገድ ላይ አንዱ ተሰብሮበት ስለነበር ከሱቅ ገዝቶ ተካላት። ሴትዮዋ ተቀይማ ዓመት ሙሉ አላናገረችውም።

ሥራው እንዲህ ነው። መንግሥት ለእያንዳንዱ ገበሬ በሚያርሰው መሬት ስፋት ልክ በዓመት አንድ ጊዜ ድጎማ ይከፍላል። ስፋቱ የሚታወቀው ሜትሩ ሲለካው ነው። እሱ ማሳው ጥግ ላይ ቆሞ የሜትር ገመዱን አንድ ጫፍ ይይዛል፤ ባልደረባው ሌላውን ጫፍ ይዞ ይሄዳል፤ ገመዱ ሲወጠር ባልደረባው ቁጥሩን ይጣራል፣ ሜትሩ ይጽፋል። በዚያ ጽሑፍ ልክ ድጎማው ይወጣል፣ ዘሩና ማዳበሪያውም ይታደላል። ገበሬው ከታች ይፈርምበታል፤ መፈረም ያልቻለ አውራ ጣቱን ያሳርፋል።

ድሮ ገበሬው ይፈራው ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ይወደው ጀመር። በመንገድ ሲያልፍ ከማሳው ቀና ብሎ «ዕድሜ ይስጥህ!» የሚለው በዛ። ሜትሩ ይህን ሽበቱ ያመጣለት ክብር አድርጎ ወሰደው። ሰው መቼም ከምክንያቶች ሁሉ የሚጥመውን መምረጥ ይወዳል።

ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ሲቀረው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ደብዳቤ ተለጠፈ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። የወረዳው ማሳዎች በሳተላይት ፎቶ ተነስተው ሲለኩ፣ ከተመዘገበው አንሰው ተገኝተዋል ይላል። ልዩነቱን እያወቀ ድጎማ የተቀበለ ገበሬ እጥፉን ይመልሳል፣ በወንጀልም ይከሰሳል፤ ሳያውቅ የተቀበለ ግን የሚወሰድበት የለም፣ ከእንግዲህ በትክክለኛው ልክ ይከፈለዋል። ሜትሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ኃላፊው አስጠራው። ኃላፊው ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ማኅተሙን ከኪሱ የማይለይ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። አዩት አይደል? ሰማንያ ሦስት ገበሬ! ከሰማንያ ሦስቱ ልክ የሆነ አንድ የለም። ሁሉም ከመቶ ስምንት ዘጠኝ እጅ ያንሳል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! ያስቡት እንግዲህ፣ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ችካላቸውን ወደ ግጦሹ ገፋ፤ ሲሄዱ ደግሞ መለስ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው አታለውናል።»

«እኔ ተሳስቼ ቢሆንስ?» አለ ሜትሩ፣ ለጨዋነት ያህል።

ኃላፊው ሳቀ። «እርስዎ? የተሰበረ እንቁላል የተኩት ሰውዬ? ኧረ ይተዉኝ። የሚመጣው ሐሙስ ኦዲተሯ ገበሬዎቹን አዳራሽ ሰብስባ ትጠይቃለች። እርስዎ ብድግ ብለው «በትክክል ለክቻለሁ» ይበሉ፣ በቃ። የቀረውን ሕግ ይጨርሰዋል።»

ሜትሩ ከቢሮው ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ሰማንያ ሦስት ሰው በሰማንያ ሦስት ማሳ ላይ ችካል ሲገፋ፣ እንዴት ሁሉም እኩል ይገፋል? አንዱ ሃምሳ ሜትር፣ አንዱ ሁለት፣ ፈሪው ደግሞ ምንም አይገፋም ነበር። ሌባ እንኳ እንዲህ ተካክሎ አይሰርቅም። ይህን እያሰበ ሳለ፣ ገመዱ ትዝ አለው። ግድግዳውን ተደገፈ።

ገመዱ የሃምሳ ሜትር ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ትራክተር ሄደበትና የመጀመሪያው ሁለት ሜትር ተበጥሶ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ንብረት ክፍል ሄዶ አዲስ ሲጠይቅ፣ ንብረት ጠባቂው «የተበጠሰውን ቁራጭ ያምጡና አዲስ ልስጥዎት» አለው። ቁራጩ የለም። ቁራጭ ከሌለ ደግሞ አዲስ የለም። እናም ሜትሩ ገመዱን ከሁለት ቁጥር ላይ ይዞ መለካት ጀመረ፤ በዚያኛው ጫፍ ያለው የድሮ ባልደረባው፣ ዕድሜ ይስጠውና ጭንቅላቱ ስል የሆነ ሰው፣ ካየው ቁጥር ላይ ሁለት እየቀነሰ ይጣራል። ሃምሳ ሲያይ «አርባ ስምንት!» ይላል። ሜትሩም የሰማውን ይጽፋል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ከዚያ የድሮው ባልደረባ ጡረታ ወጣና አዲስ ተተካ።

አዲሱ ባልደረባ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ካልጠየቁት ትንፍሽ አይልም። ሜትሩ ሲደርስ ከቢሮው ጀርባ ባለው ቧንቧ ቦት ጫማውን እያጠበ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው ሜትሩ። «ቁጥሩን ስትጣራልኝ፣ ሁለቷን ቀንሰህ ነው?»

«የቷን ሁለት?»

«ገመዱን ከሁለት ላይ ይዤ አይደል የምጀምረው?»

«እሱንማ አያለሁ። እኔ የደረሰበትን ቁጥር ነው የምጣራው። የሚቀንሱት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እርስዎ አይደሉ የሚጽፉት?»

ሜትሩ ዓመታቱን በጣቱ ቆጠረ። ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱ ሌላው ይቀንሳል ብሎ፣ ሁለቷን ሜትር ማንም አልቀነሳትም። አርባ ስምንቱ ሃምሳ እየተባለ ተጽፏል። የወረዳው ገበሬ ሁሉ በሌለው መሬት ድጎማ በልቷል፤ ያበላውም እሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ በዚያ በሚኮራበት ንጹሕ የእጅ ጽሕፈቱ።

«ጋሼ፣ ምነው? ላብ አጠመቀዎት እኮ» አለ ባልደረባው።

«ፀሐዩ ነው» አለ ሜትሩ። ሰማዩ ግን ደመና ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት ሲደርስ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ እየጠቀመች ነበር። ነገራት። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ሳታቆም ሰማችው።

«እኔ የሰው ቀሚስ ሁለት ሴንቲ ባሳጥር፣ ሳይመሽ ይመጡብኛል» አለች። «ስድስት ዓመት አንድ ሰው አልመጣብህም?»

«ያጠረበት ነው የሚመጣ። ለረዘመለት ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«እንግዲያው አንተም ዝም በል። ሰባት ወር ነው የቀረህ። ሰባት ወር! ሐሙስ ቆመህ ያሏትን አንዲት ቃል ትናገራለህ፣ ትቀመጣለህ። ሆድ ይፍጀው።»

«እነሱስ?»

«እነሱ ማን ናቸው?»

«ገበሬዎቹ። ችካል ገፍታችኋል ተብለው ይከሰሳሉ። እታለምም አለችበት።»

መኪናው ቆመ። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀሚሱን ጭኗ ላይ አጠፈችው። እታለም ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ አራት፣ እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እሷ ትምህርቷን ጥላ እሱን አስተማረችው። ቁጥር ያስቆጠረችውም እሷ ናት፣ በባቄላ ፍሬ። አሁን ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ርቀው፣ በአንድ ሄክታር ተኩል መሬትና በዚያ ድጎማ ነው የምትኖረው። እጥፉን መልሺ ቢሏት ያላትን ሁሉ ሸጣም አይሞላላትም።

«እሷን ለይተው አያስቀሯትም?» አለች ሚስቱ፣ ድምፅዋን ቀንሳ።

«ማን? በምን?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ሜትሩ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። እህል አልወርድ አለው። ያሳፍራል እንጂ፣ አንድ ቀን የወተት ሻጩ ሞተር ሳይክል ደጁ ላይ ሲቆም ጓሮ ወጥቶ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ቆሟል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እስር ቤቱን ማወቁ ነው፤ ለግንባታው የለካው እሱ ነበር። ክፍሉ አራት በሦስት ነው። በዚያ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ይተኛል። ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ እግር ካልታጠፈ አይበቃም። የታሰረ ሰው ይህን የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው፤ ሜትሩ ግን ገና ከውጭ ሆኖ እግሩ ታጠፈበት።

ሁለት ጊዜ ለኃላፊው ሊናገር ሄደ። መጀመሪያ ኃላፊው ስልክ ላይ ነበር። ሁለተኛው ቀን «ምን ፈለጉ ጋሼ?» ሲለው «እስክሪብቶ አልቆብኝ ነው» አለ። እስክሪብቶ ተሰጠው፤ ፈርሞ ወሰደ።

እሑድ እታለም ዘንድ ሄደ። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ ፊት ለፊቱ መሬቷ ተዘርግቶ ይታያል። እሷ ደጃፉ ላይ ሽንኩርት ትለቅም ነበር። ስታየው ተነስታ ጉንጩን ያዘችው።

«ከስተሃል» አለችው። «ያ ደብዳቤ ነው አይደል? አንተን ምን አሉህ?»

«እኔንማ ምንም አላሉኝም። እታለም፣ እኔ የመጣሁት...»

«ተው» አለችው፣ መዳፏን አንስታ።

«ስሚኝ፣ ስለ ልኬቱ አንድ ነገር...»

«ተው አልኩህ እኮ! ስለ ሥራህ አንዲት ነገር እንዳትነግረኝ። ያልሰማሁትን ማንም አያስለፈልፈኝም። አንተ ብቻ እህል ብላ።»

ሜትሩ ይህን የሷ ፍርሃት አድርጎ ወሰደው። ልቧ ፈርቶ፣ ክፉ ነገር ላለመስማት የምትሸሽ መሰለው። ስትሸኘው መንገድ ድረስ ክንዱን ይዛ መጣች፤ እሱም እርምጃውን መቁጠር ረሳ። እንዲያ ሆኖ አያውቅም። እቤት ሲደርስ ቆርጦ ነበር፤ ሐሙስ ይናገራል። መፍራቱን ግን አልተወም። ቆርጦ የፈራ ሰው ሳይቆርጥ ከፈራው የባሰ እንደሚንቀጠቀጥ ያን ጊዜ አወቀ።

ሐሙስ ጠዋት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን አዳራሽ ሆነ። የማዳበሪያ ጆንያዎቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ሰማንያ ሦስቱ ገበሬዎች ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ የሚያስል እንጂ የሚያወራ የለም። እታለም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ፊት ለፊት ኦዲተሯ፣ ከጎኗ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ፣ ቀጥሎ ኃላፊው። ኦዲተሯ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ክፉ ሰው አትመስልም። ሜትሩን ያስፈራውም ይኸው ነበር፤ ክፉ ብትሆን ይናደድባት ነበር።

«የማሳችሁ ልኬት ለምን እንደበዛ ለማጣራት ነው የመጣሁት» አለች። «በዚህ ክፍል ውስጥ የሚነገር ሁሉ ይጻፋል። መጀመሪያ ለኪውን እንሰማ።»

ሜትሩ ተነሳ። የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀለት፣ አይዞዎት እንደማለት።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ ሜትሩ።

የኃላፊው ፈገግታ ባለበት ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ሜትሩ ሁሉንም ዘረገፈው። ገመዱን፣ ትራክተሩን፣ ቁራጩን፣ ባልደረባው ሲጣራ እሱ ሲጽፍ ሁለቷን ሜትር የቀነሳት ሰው አለመኖሩን። ሃምሳ የተባለው ሁሉ አርባ ስምንት መሆኑን። ድምፁ አንዳንዴ እየጠፋበት፣ አንዳንዴ ያለ ልኩ እየጮኸ ተናገረ። ጸሐፊው አጎንብሶ ይጽፋል።

«እንግዲያው» አለች ኦዲተሯ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ «ችካል የገፋ ገበሬ የለም?»

«የለም።»

«ልዩነቱንም አያውቁም ነበር?»

«አያውቁም። ከየት ያውቃሉ? የጻፍኩት እኔ ነኝ። እነሱ አምነውኝ ነው የፈረሙት።»

ኦዲተሯ ወደ ጸሐፊው ዞር ብላ «ገበሬዎቹ አያውቁም ነበር ብለህ ያዝ» አለችው። ሜትሩ ይህን ሲሰማ፣ የያዘውን መደገፊያ ለቀቀ። እስር ቤቱ አራት በሦስት ይሁን፣ ጡረታውም ውሃ ይብላው፤ እታለም ግን ተረፈች። ዞሮ ሊያያት ፈለገ።

እታለም ቆማ ነበር።

«እኔ ልናገር» አለች።

«እታለም፣ ቁጭ በይ!»

«ዛሬስ አልቀመጥም። የኔ እመቤት፣ እሱን አይስሙት። ይኼ ልጅ ለኛ ብሎ ራሱን ገደል እየጨመረ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ ቁጥር ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። እሱ ሁለት ሜትር አይሳሳትም! ሁለት ጣት አይሳሳትም! ተበድለን ስላየን፣ ድርቅ ስለመታን፣ አዝኖልን ነው አስፍቶ የለካልን። ሠላሳ ዓመት እንቁላል ያልበላ ሰው ለራሱ ምን አገኘበት? እኛ ደግሞ አይተን ዝም አልን። ጥፋት ከሆነ የሁላችንም ነው።»

ጸሐፊው ይህንንም ጻፈ።

«እርስዎ» አለች ኦዲተሯ በቀስታ፣ «መሬቱ እንደማይሞላ ያውቁ ነበር?»

«አታውቅም!» ብሎ ጮኸ ሜትሩ። «አታውቅም፣ እኔን ለማዳን ብላ ነው!»

«እንዴት አላውቅም?» አለች እታለም፣ እንደ መሳቅ ብላ። «ገበሬ አይደለሁም እንዴ? በልኬቱ የሚሰጡን ዘር በየዓመቱ ይተርፈን ነበር። የድሮው መቼ ይተርፍ ነበር? መሬቱ አልጠበበ፣ ዘሩ አልረባ፤ ለምን እንደተረፈ የማያውቅ ሰው እዚህ ውስጥ አለ?»

ሜትሩ ያን ጊዜ ገባው። «ዕድሜ ይስጥህ» የሚሉት ለምን እንደሆነ፣ እሑድ ዕለት እህቱ አፉን ለምን እንደዘጋችው፣ ያ ሁሉ ፍቅር ላልሠራው ቸርነት የተከፈለ መሆኑ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣበት። ስድስት ዓመት ሙሉ እነሱ ለሱ ሲፈሩለት ኖረዋል። ስህተት ነው ቢል አያምኑትም። ቸርነት ነው ቢል አወቁ ማለት ነው።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሳ። «እውነቷን ነው። እኔም አውቅ ነበር። እሱን ብቻውን አትውሰዱት።»

«እኔም» አለ ከግራ በኩል አንዱ።

«እኔም አውቅ ነበር!» አለች ያቺ የእንቁላሏ ሴትዮ፣ እጇን እያወዛወዘች።

አግዳሚ ወንበሩ ተንኳኳ። አንድ በአንድ፣ ከዚያ በቡድን፣ ኮፍያቸውን እንደያዙ መነሳት ጀመሩ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም፤ ሜትሩ ግን በዕድሜው እንደዚያን ሰዓት ፈርቶ አያውቅም። «ተቀመጡ!» አለ። «ስለ እግዚአብሔር፣ ተቀመጡ! አትናገሩ!» ማንም አልሰማውም። ይልቁንም የሱ ልመና አንጀታቸውን በላውና ያልተነሱትም ተነሱ። ኃላፊው ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ኦዲተሯ አንዴ እጇን ልታነሳ ብላ መልሳ አወረደችው፤ የሚነገር ሁሉ ይጻፋል ብላለች።

እታለም በሰው መሀል አልፋ መጥታ አጠገቡ ቆመች። እጁን ያዘችው፤ ቀዝቅዞ ነበርና በሁለት እጇ አሸችለት።

«አይዞህ» አለችው። «ብቻህን አንተውህም።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ ሙሉ ስሟን ጠየቃት። እሷም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነገረችው፤ እንዳይሳሳትም ቀስ ብላ ደገመችለት።